ቢጫ ጀሪካን፣ ሰማያዊ ጥላ፦ የደሴና የኮምቦልቻ የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ መንገድ ላይ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣ። እኔ በቀኝ በኩል መስኮት ያዝኩ። ወደ ሰሜን ሲኬድ የጠዋት ፀሐይ በቀኝ ነው የምትመጣው። አጠገቤ የተቀመጡት አባት መጋረጃውን ሊስቡ እጃቸውን ሲዘረጉ "አባቴ፣ ትንሽ ይቆይልኝ" አልኳቸው።

"ፀሐይ ትወጃለሽ እንዴ?"

"ሠዓሊ ነኝ።"

ገብቷቸው ይሁን ተስፋ ቆርጠው እንጃ፣ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው እስከ ደብረ ብርሃን ተኙ።

ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ነገሩ ራሱ ይጨልምና ጠርዙ ብቻ ይበራል። እኔ የምወደው እሱን ነው። ባሕር ዛፉ ጥቁር ሆኖ የቅጠሉ ዳር ዳር ብቻ ያበራል። አህያ ከፀሐይ ፊት ሲያልፍ ጆሮው ውስጥ ለውስጥ ቀይ ይሆናል። ለቅጽበት ነው የሚታየው። ዓይን ከለመደ ግን በየመንገዱ አለ።

ይህ መንገድ ሠዓሊን አያስተኛም። ደብረ ብርሃን አካባቢ ውርጭ ነበር። የታጨደው የገብስ ማሳ አመድማ፣ ሰማዩ ውሃ ሰማያዊ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለውን የጣርማ በር ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዝ ቀለሙም አብሮን ወረደ። ደብረ ሲና ላይ አረንጓዴው ወፈረ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ እዚያ ስንደርስ አፈሩ ሞቅ ብሏል፣ ማሽላው ራሱን ደፍቶ ቀልቷል፣ የመንገድ ዳር ሽንኩርት በመረብ ከረጢት ተደርድሯል። በብርድ የጀመረ ተሳፋሪ ሁሉ ሹራቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አድርጓል። አባትየውም ጋቢያቸውን አጣጥፈው ሙዝ ገዙ። ግማሹን ሰጡኝ።

ከከሚሴ ወዲያ አንድ ነገር ልብ ብዬ ማየት ጀመርኩ። በየስጦታ ዕቃ መሸጫው የሚሰቀሉትን ሥዕሎች ታውቋቸዋላችሁ። ጎጆ ቤት፣ እንስራ ያዘለች ቀጭን ሴት፣ ከኋላ ብርቱካናማ ፀሐይ። ሁሉም አንድ ሰው የሳላቸው ይመስላሉ። በዚህ ሁሉ መንገድ ግን እንስራ ያዘለ አንድ ሰው አላየሁም። ቢጫ ጀሪካን ግን አልጠፋም። በጀርባ፣ በአህያ፣ በጋሪ፣ በባጃጅ ጣራ ላይ፣ በቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ባለቤቱን ተክቶ ቆሞ። የዘይት ዕቃ ነበር፤ ዘይቱ ሲያልቅ የውሃ ሆነ። ከሩቅ ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው ቀለም እሱ ነው። በተለይ ግራጫ ግድግዳ አጠገብ ከቆመ ሌላውን ሁሉ ያደበዝዘዋል።

እኔ ይህን የምጽፈው እንስራን ጠልቼ አይደለም። እንስራ ውብ ነው። ግን የዛሬው ኑሯችን ቀለም ፕላስቲክ ነው፣ ቆርቆሮ ነው፣ የላስቲክ ሸራ ነው። ይህንን "አያምርም" ብሎ ዘልሎ የሚስል ሰው ለዓይኑ አልታመነም ባይ ነኝ። ደሴ የሄድኩትም ለዚሁ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻን አልፈን የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዝን ወጣን። ደሴ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ብርዱ ነው። ከዚያ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ። ደሴ ላይ ሥዕል ታስተምራለች።

ዓርብ፣ ደሴ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። ከፍታ ለሠዓሊ ቁም ነገር አለው። አየሩ ሲሳሳ ብርሃኑ ሳይለዝብ በቀጥታ ይወርዳል፤ የጥላው ጠርዝ በምላጭ እንደተቆረጠ ይሆናል። ጥላው ውስጥ ግን ጨለማ የለም። ጥላን ፀሐይ አታገኘውም እንጂ ሰማዩ ያገኘዋል፤ ሰማዩ ደግሞ ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ነጭ ግድግዳ ላይ የወደቀ ጥላ ሰማያዊ ነው። ካላመናችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በኖራ የተቀባ ግድግዳ ፊት ቁሙና እጃችሁን ዘርጉ።

ለዚህ ጥላ ጥቁር ቀለም አልጠቀምም። አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት ሲዬና የሚባለው ቡናማ ሲደባለቁ ጥሩ ግራጫ ይወጣቸዋል። ሰማያዊው ካየለ ይበርዳል፣ ቡናማው ካየለ ይሞቃል። የደሴ የጠዋት ጥላ ሰማያዊው እንዲያይል ይፈልጋል።

የጓደኛዬ ቤት ከአረብ ገንዳ ሰፈር ከፍ ብሎ ነው። ከበረንዳዋ ላይ ተቀምጬ የጁምዓ ሰዓት ጠበቅኩ። ሰዉ ከሶላት ሲወጣ መንገዱ ነጭ በነጭ ሆነ። እዚህ ላይ ነው ትንሽ መቆየት የምፈልገው፣ ምክንያቱም ነጭ ከቀለማት ሁሉ አስቸጋሪው ነው።

ጀለቢያ የለበሱት ወጣቶች ነጭ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ያረጀ ጋቢ የደረቡት ሽማግሌ ነጭ ወደ ክሬም ያደላል። ጎን ለጎን ሲሄዱ አንደኛው ነጭ ሌላውን ቢጫ ያስመስለዋል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የዛሬ የልብስ ሳሙናዎች ውስጥ የሚያነጣ ኬሚካል አለ። ዓይናችን የማያየውን የፀሐይ ጨረር ይውጥና መልሶ ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይተፋዋል። ከፍታ ላይ ይህ ጨረር ብርቱ ስለሆነ ልብሱ ከነጭ በላይ ይነጣል። በእጅ የተፈተለ ጥጥ በበኩሉ የራሱን የክሬም ጠባይ ይዞ ይቆያል። እኔ በበኩሌ የጋቢውን ነጭ እመርጣለሁ። ዓይን ያሳርፋል።

በውሃ ቀለም ነጭ አይቀባም፤ ወረቀቱ ይተዋል እንጂ። ስለዚህ የሳልኩት ሰዎቹን ሳይሆን በሰዎቹ መሃል ያለውን ነበር ማለት ይቻላል። የአስፋልቱን ግራጫ፣ የባጃጆቹን ሰማያዊ፣ የአንዲት ሴት ሐምራዊ ሂጃብ። ነጮቹ በራሳቸው ወጡ። በኅዳር ደረቅ ነፋስ ቀለሙ ገና ብሩሹን ሳላነሳ ይደርቃል። መፍጠን ነው፤ ሌላ መላ የለውም።

የጓደኛዬ የስድስት ዓመት ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ሲያይ ቆየና "ሰዎቹ ጋር ለምን አልቀባሽም? ቀለም አለቀብሽ?" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጦሳ ተራራ ተራው ነው። ጦሳ ከከተማዋ ምዕራብ ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ሰማዩ ላይ ሳይሆን ተራራው ላይ ነው፤ ሜዳ ላይ ካለ ከተማ ቀድማ ትሄዳለች። ጥላው ከተራራው ሥር ይነሣና ጣራ በጣራ እያለ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ቁጭ ብዬ አየሁት። አንድ ሰፈር ሲበርድ ቀጣዩ ገና ይሞቃል። የሆነ ሰዓት ላይ ከተማው በሙሉ ሰማያዊ ጥላ ውስጥ ገብቶ፣ በምሥራቅ ያለው የአዝዋ ገደል ብቻ ብርቱካናማ ሆኖ ይቀራል። ከታች ቀዝቃዛ፣ ከላይ ሙቅ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ማስማማት ያስቸግራል። ሙቁ ይበልጥ እንዲሞቅ ከፈለጋችሁ እሱን መነካካት ትታችሁ ከሥሩ ያለውን አቀዝቅዙት።

ጥላው መንገዱ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሰዉን ማየት ነው። ማንም ሰዓቱን አያይም። ባለ ሱቁ በርጩማውን አስገባ፣ በቆሎ የምትጠብሰው ሴት ከሰሉን ጨመረች፣ ሊስትሮው ሹራቡን አጠለቀ። ሦስቱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ።

ቅዳሜ፣ ፒያሳ

ጠዋት ወደ አይጠየፍ አዳራሽ ወጥቼ ነበር። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት የነበረ ነው። ስለ ታሪኩ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የሄድኩት ለብርሃኑ ነበር። የዚያን ቀን ሰማዩ ደመና ይዞ ጥላም አልነበረ። ትንሽ ንድፍ አወጣሁና ወረድኩ።

ፒያሳ ጨርቅ ቤት ገባሁ። ምንም ልገዛ አልነበረም። ጨርቅ ቤት መቀመጥ ደስ ይለኛል። አንዲት እናት ለልጇ ሠርግ የተገዛ ቀሚስ ይዘው የጥልፍ ክር ይመርጣሉ። ባለ ሱቁ አረንጓዴ ክር አወጣላቸው። ጨርቁ ላይ አስቀመጡት፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩት። ጣራው ላይ ያለው አምፖል ነጭ ነው። ክሩና ጨርቁ አንድ ሆኑ። ልጅቷ "በቃ እሱ ነው" አለች።

"ቆይ እስቲ፤ ፀሐይ ላይ አውጥቼ ልየው" አሉ እናትየው።

ወጡ። ተከተልኳቸው። ደመናው ገለጥ ብሎ ነበር። በር ላይ ክሩ ቢጫ፣ ጨርቁ ሰማያዊ ማለት ጀመረ። አንድ የነበሩት ተለያዩ። እናትየው ምላሳቸውን መታ አድርገው ተመለሱ። እንዲህ እየተመላለሱ ሦስት ክር ጣሉ። አራተኛው በር ላይም ቤት ውስጥም አልተለየም። ከፈሉ።

ሥዕል ትምህርት ቤት ይህን ለመረዳት ብዙ ወረቀት ፈጅተናል። ሁለት ቀለሞች በአንድ ብርሃን ሥር መንታ ሆነው በሌላ ብርሃን ሥር ባዳ ይሆናሉ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ብርሃን የራሱ ቅልቅል አለው። አምፖል ያጎደለውን ፀሐይ ታወጣዋለች። የወሎ እናቶች ይህን የሚያውቁት ክር ሲገዙ ነው። ባለ ሱቁም አልተከፋም፤ ይልቅ በር ላይ ያለውን ዕቃ ገፋ አድርጎ መቆሚያ አበጀላቸው።

ወደ ማታ፣ ገና ሳይጨልም፣ ጎረቤት ቡና ተጠራን። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ። ለሥዕል ከዚህ የተሻለ ቤት የለም። ብርሃኑ መጀመሪያ ቄጤማው ላይ ያርፋል፣ ቀጥሎ ረከቦቱ ላይ፣ ከዚያ የቡና አፍይዋ ጉልበትና እጅ ላይ፣ ፊቷ ላይ ሲደርስ ደክሟል። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ጨርሶ አይታይም። ጀበናው ጥቁር ነው ትላላችሁ፤ አይደለም። ሆዱ ላይ የበሩ ነጭ ቅርጽ ይታያል፣ ጎኑ ላይ የቄጤማው አረንጓዴ፣ ከሥሩ የፍሙ ቀይ። የቀረችው ጥቁር በጣም ትንሽ ናት። የእጣኑ ጭስ ደግሞ ጉደኛ ነው፤ በጨለማው ግድግዳ ፊት ሲያልፍ ሰማያዊ ይመስላል፣ በበሩ ብርሃን ፊት ሲያልፍ ግን ቡናማ ይሆናል። ያው አንዱ ጭስ።

ዱዓ ሲደረግ ብሩሼን አስቀመጥኩ። አቦል አልቆ ቶና ሲመጣ ቀጠልኩ። እትዬ (ቡና የጠሩን) ሥዕሉን አይተው "ማሻአላህ" አሉና ቆየት ብለው "ግን ሲኒዎቹ አበባ ነበራቸው" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ነበራቸው። ቀይ ቀይ አበባ ጨመርኩ።

እሑድ፣ ሐይቅ

ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነች። በሚኒባስ ሄድን። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተከመረ አለ። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገለባ። ክሎድ ሞኔ የሚባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1890 እና 1891 ከቤቱ አጠገብ ያለ የስንዴ ክምር መርጦ 25 ያህል ሥዕል ሠርቷል። ጠዋት፣ ማታ፣ በበረዶ፣ በጭጋግ። ክምሩ ያው ነው፤ የሚቀያየረው ብርሃኑ ነው። ብርሃኑ ሲቀየር ሸራ ይቀይር ነበር። ወሎ ቢወለድ ኖሮ ክምር ሲስል ዕድሜው ያልቅ ነበር እላለሁ። እኛ አገር ክምር የሚጠበቀው ከዝናብና ከከብት እንጂ ከሠዓሊ አይደለም፤ ማንም አላገደኝም። ሚኒባሱ ግን አይጠብቅም። ከመስኮት ሆኜ በእርሳስ ብቻ ወሰድኩት።

ሐይቁ ጥልቅ ነው፤ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል ይባላል። ከውስጡ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ከላይ ስታዩት ከሰማዩ ይልቅ የጠቆረ ሰማያዊ ነው፣ ዳሩ ላይ ደግሞ በሸምበቆው ምክንያት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ነፋስ ሲነካው ብር ይመስልና መልሶ ይጠቁራል። ውሃን ለመሳል ውሃን ማየት አይበቃም፤ በውሃው ላይ የሚታየውን ተራራና ሰማይ መሳል ነው።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለሴት አይፈቀድም። ስለዚህ ከውጪ ቀረሁ። ገዳሙ ውስጥ ግን ለኛ ለሠዓሊዎች የሚሆን ትልቅ ነገር አለ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያሠሩት ወንጌል ነው። እ.ኤ.አ. 1280 ወይም 81 የተጻፈ ሲሆን፣ ውስጡ ሥዕሎች አሉት፤ የራሳቸው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ምስል ጭምር። ቅጂውን በፎቶ ነው የማውቀው። እነዚያ ሠዓሊዎች ስለ ጥላ አይጨነቁም። ብርሃን ከአንድ በኩል አይመጣባቸውም። ቀይ ቀይ ነው፣ ሰማያዊ ሰማያዊ ነው፣ መስመሩ ጥርት ያለ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ጥላ ሳሳድድ እውላለሁ፤ እነሱ ያለ ጥላ 700 ዓመት ሲታዩ ኖረዋል። አንዳንዴ ይህ ያናድደኛል፣ አብዛኛውን ጊዜ ያስቀናኛል።

ጓደኛዬ ዓሣ እንብላ አለች። የነቢያት ጾም ገብቷል፤ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ደግሞ የትም ቦታ አያልቅም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወገን ሆነን ተከራከርን። ዓሣው ሲመጣ ክርክሩ አበቃ። የእኔ ሳህን ላይ ሽሮ ነበር።

ሰኞ፣ ገበያ

የደሴ ገበያ ሰኞ ነው፤ ሰፈሩም ሰኞ ገበያ ነው የሚባለው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ስለነበር የአቧራው ደመና በወርቅ የተነከረ ይመስል ነበር። ግመል፣ በግ፣ የበርበሬ ዛላ፣ እርድ፣ የቻይና ጫማ፣ የላስቲክ ገመድ። ጫጫታው ራሱ ቀለም ያለው ነው።

ከላይ ስታዩት ገበያው መሬት አይታይም፤ የላስቲክ ሸራ ነው። አብዛኛው ሰማያዊ። ከሸራው ሥር የተቀመጠ ነገር ሁሉ ሰማያዊ ይነካዋል። የነጋዴዎቹ ፊት፣ ጥርሳቸው፣ የሚቆጥሩት ብር። ከሸራው ሥር ያለች አንዲት ሴት ቲማቲም ትሸጣለች። ቲማቲሙ የጠቆረ ወይን ጠጅ ይመስላል፤ የበሰበሰ እንጂ የበሰለ አይመስልም። ቲማቲም የሚመልሰው ቀይ ብርሃን ነው፤ ሸራው ደግሞ ቀዩን ያስቀረዋል። ገዢው አይቶ ያልፋል።

ሁለት እርምጃ ወረድ ብሎ ሌላ ባለ ቲማቲም አለች። ጉልቷ ከሸራው ውጪ ነው። ቀይ ጃንጥላ ተክላለች። ጃንጥላው ሥር ያለው ቲማቲም ከውስጡ መብራት የበራበት ይመስላል። እሷ ጋ ወረፋ አለ። መጀመሪያ አጋጣሚ መሰለኝ። ከዚያ ቃሪያዋን ሳይ ነው የደነቀኝ። ቃሪያውን ከጃንጥላው ጥላ አውጥታ ፀሐይ ላይ ነው የደረደረችው። አረንጓዴ በቀይ ብርሃን ሥር ቡናማ ይሆናል፤ የጠወለገ ይመስላል። ፀሐይዋ ስትዞር ጥላውም ይዞራል፤ እሷም ቃሪያውን ትንሽ ትንሽ እየገፋች ታወጣዋለች።

ቁጭ ብዬ መሳል ጀመርኩ። አየችኝ።

"እታለም፣ ምን እየጻፍሽ ነው? ከክፍለ ከተማ ነሽ?"

"ኧረ አይደለሁም፤ እየሳልኩ ነው። ከፈቀድሽልኝ።"

"እኔን?"

"አንቺንም፣ ጃንጥላሽንም።"

ሳቀች። "ጃንጥላውን ለምን?"

"ቀዩን ሆን ብለሽ ነው የያዝሽው?"

"ታዲያስ! በሰማያዊ ማን ይገዛኛል? ወላሂ ልጄ ትምህርት ቤት ይዛው ልትሄድ ስትል ተጣልተንበታል። ለሷ ጥቁሩን ገዛሁላት።"

አጠገቧ ሽንኩርት የምትሸጠው ግን መሳል አልፈለገችም። "እኔን ተይኝ" አለች፣ ፊቷን አዞረች። ተውኳት። ገበያ ላይ መሳል እንግድነት ነው፤ እንግዳ ደግሞ ያልተሰጠውን አይወስድም። ሽንኩርቷን ብቻ ልሳለው ብዬ ጠየቅኩ። "ሽንኩርቱን ግዢና ሳይው" አለች። አንድ ኪሎ ገዛሁ። የወሎ ነጋዴ በምን ይታማል!

ጉልት ሳይ ሁሌ ሠዓሊ ታደሰ መስፍን ትዝ ይሉኛል። እዚሁ ወሎ፣ ወልድያ ነው የተወለዱት። ብዙ ዓመት አዲስ አበባ በሥዕል ትምህርት ቤት አስተምረዋል። የጉልት ነጋዴ ሴቶችን ደጋግመው ይስላሉ። ሴቶቹ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ከፊታቸው ትንሽ መደብ፣ ከኋላቸው የሚንሳፈፍ ቀለም። ማንም የማያያቸው ሰዎች በእሳቸው ሥዕል ላይ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንዳሉ ቅዱሳን ይቆማሉ። እኔ ግን ሴቶቹ ሲቀመጡ ነው የምወዳቸው። ጉልት መቀመጥ ነው፣ ቀኑን ሙሉ። ባለ ቲማቲሟ እግሯን አጥፋ፣ አንድ ጉልበቷን አቁማ፣ ክርኗን እሱ ላይ አሳርፋ ነበር። በዚያ አቀማመጥ ውስጥ ድካምም አለ፣ ንግሥናም አለ።

ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ብርሃኑ ሞተ። ሞተ ስል በዛ ማለቴ ነው። ሁሉም ነገር ከላይ ሲመታ ቅርጽ ይጠፋል፣ ቀለም ይገረጣል። ሕፃናቱም ከበውኝ እስክሪብቶና ወረቀት ሲጠይቁ ነበር። ለአንዷ ብሩሽ ሰጠኋት። ውሃዬን ደፋች፣ ከዚያ በደፋችው ውሃ መሬት ላይ ዶሮ ሳለች። ደህና ዶሮ ነበር። ባለ ቲማቲሟ ስሄድ አራት ቲማቲም መረቀችልኝ። ቤት ወስጄ ጠረጴዛ ላይ ስደረድራቸው ሦስቱ ለጋ ናቸው፤ ገና ቢጫ ያላቸው። ጃንጥላው እኔንም ሸውዶኛል።

ማክሰኞ፣ ኮምቦልቻ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ አጭር መንገድ 600 ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ። ጠዋት ሐረጎ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር። ጉም ውስጥ የሩቁ ነገር ሁሉ ይገረጣና ግራጫ ይሆናል፤ የቅርቡ ብቻ ቀለሙን ይይዛል። ከፊታችን የሚወርድ አይሱዙ የኋላ መብራት ቀይ ነበር፤ ሌላ ቀለም የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ኩርባ ላይ ከጉሙ ሥር ወጣን። ኮምቦልቻ ሜዳው፣ የቦርከና ወንዝ፣ የፋብሪካ ጣራ፣ ሁሉም በአንዴ ተዘረጋ። ሹፌሩ መስኮቱን ከፈተ፣ ተሳፋሪው ጋቢውን አወለቀ።

ኮምቦልቻ ውበቷን የሚያወራላት የለም። ለደሴ ዘፈን ይዘፈናል፣ ለኮምቦልቻ ፋብሪካ ይተከላል። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ቆዳ፣ ብረታ ብረት፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ። እኔ ግን ደስ አለችኝ። ዝገት እወዳለሁ። የቆየ ቆርቆሮ ላይ ዝገት ከብርቱካናማ እስከ ጥቁር ቡናማ ይሄዳል፤ በአንድ ጣራ ላይ ሰባት ስምንት ቀለም ታገኛላችሁ። አጠገቡ አዲስ ቆርቆሮ ካለ ሰማዩን መልሶ ይወረውረዋል። ቡጌንቪሊያው ደግሞ በየአጥሩ ላይ ሮዝ ነው።

መንገዱ ከዚህ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ወደብ ይሄዳል። ስለዚህ ከባድ መኪና አይጠፋም። የመኪናዎቹ ማረፊያ አጠገብ አንድ ሰው ቁና የሚያህል ጣሳ ይዞ አይሱዙ ጀርባ ላይ ይጽፋል። ቆምኩ። ሲንተቲክ ቀለም ነው የሚጠቀመው፣ ብሩሹ ጠፍጣፋ፣ መስመሩ በአንድ ትንፋሽ። ከሥር ጥቁር መደብ፣ በላዩ ላይ ቢጫ ፊደል፦ "ዱዓ አድርጉልኝ"።

"ለምን ቢጫ?" አልኩት።

"ማታ ከኋላው የሚመጣ ሹፌር ከሩቅ እንዲያየው ነው። ቢጫ በጥቁር ላይ የትም አይደበቅም። ቀይ በጥቁር ብዬ ብጽፍለት ሲመሽ ይበላዋል።"

ይህን ያለው ከጣሳው ላይ ቀና ሳይል ነው። ሠዓሊ መሆኔን ነገርኩት። "እኔም ነኛ" አለኝ። ልክ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ይጽፋል፤ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የፀጉር ቤት ግድግዳ፣ የመኪና ጀርባ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ደርሶ ከወጣ በኋላ ሥራ በዝቶበት እንደነበር አጫወተኝ። ሰዉ ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ የሚፈልገው ስሙ በሩ ላይ እንዲመለስ ነበር። የዕቃ መግዣ የሌለው እንኳ ለቀለም ይበደር ነበር አለኝ።

ንድፍ ደብተሬን ሰጠሁት። ገጽ እየገለበጠ አየ። የዓርቡ ጁምዓ ላይ ሲደርስ "ይሄ አላለቀም" አለ። የባለ ቲማቲሟ ላይ ብዙ ቆየ። "ጃንጥላው አልደፈረም። ቀዩ ፈርቷል። ጥቁር ዙሪያውን ስጪው።"

"እኔ ጥቁር አልጠቀምም።"

"ለዚያ ነዋ የፈራው።"

ተከራከርን። እሱ ከ50 ሜትር ለሚያይ ይሠራል፣ እኔ ከአንድ ክንድ ርቀት ለሚያይ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ፓስቲ በሻይ በላን፣ አሁንም አልተስማማንም። ከዚያ ብሩሹን ሰጠኝና "አድርጉልኝ"ን አንቺ ጨርሺው አለኝ። ሲንተቲክ እንደ ውሃ ቀለም አይደለም፤ ይጎተታል፣ እጅ ይከብዳል። "ል"ን ሳልጨርስ ባለ መኪናው መጣ።

"አለቀ?"

"ገና እርጥብ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ" አለው ጸሐፊው።

"ባቲ ሰው እየጠበቀኝ ነው ባክህ!" ብሎ ከፍሎ፣ አስነሥቶ፣ አቧራውን እያስነሳ ወጣ። የጻፍነው እርጥብ ቢጫ አቧራው ውስጥ ሲገባ ታየኝ።

"ተበላሸ እኮ!" አልኩ።

"አብሽሪ" አለኝ፣ ብሩሹን በጋዝ እያጠበ። "አቧራ ጠጥቶ ይመለሳል። ሁለተኛ እጽፍለታለሁ፣ ሁለተኛ ይከፍለኛል።"